ሰር ቶማስ ቦድሊና የኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት

በ1556 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያዎችና የንባብ ጠረጴዛዎች የሚሸጡ ሰዎች መረጠ። መጻሕፍቱ ቀደም ብለው ስላለቁ የእንጨት ዕቃው ባዶውን መቆሙ ለማንም የሚጠቅም አልመሰለም። ስለዚህ ተሸጠ፤ አዳራሹም አርባ ዓመት ያህል ያለ መጽሐፍ ቀረ። ያው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ከ13 ሚሊዮን በላይ የታተሙ ሥራዎችን የያዘና ከሃያ በላይ ቤተ መጻሕፍትን በአንድ አስተዳደር ሥር ያቀፈ ድርጅት አለው፤ መጠሪያውም በአንድ ሰው ስም የቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ይባላል። በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ቆሞ የሚታየው ይኸው ሰው፣ ሰር ቶማስ ቦድሊ፣ ለሙያ ባልደረቦቻችን ሊታወቅ የሚገባው ስለሆነ የሕይወት ታሪኩን እንደሚከተለው እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሰውየው ከመናገራችን በፊት ግን የፈረሰው ቤተ መጻሕፍት ምን እንደ ነበረ ማወቅ ያሻል። ኦክስፎርድ ለመላው ዩኒቨርሲቲ የጋራ የሆነ የመጻሕፍት ክፍል ያገኘው በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ክፍሉን በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያቋቋመው የዉስተር ጳጳስ ቶማስ ኮብሃም ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ ወንድም የነበረው የግሎስተር መስፍን ሃምፍሪ ከ1439 እስከ 1444 ባለው ጊዜ ከ280 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። የቀድሞው ጠባብ ክፍል ይህን ሁሉ ሊይዝ ስላልቻለ ከሥነ መለኮት ትምህርት ቤቱ በላይ አዲስ አዳራሽ ተሠርቶ በ1488 ተከፈተ። የዚህም ዕድሜ ከስድሳ ዓመት ብዙም አላለፈ። በንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶን ለማስፈጸም የተላኩት ባለ ሥልጣናት፣ ከእነርሱም ጋር የክራይስት ቸርች ኮሌጅ አለቃ ሪቻርድ ኮክስ፣ በ1550 የሮማን እምነት ይሸታሉ ያሏቸውን መጻሕፍት አስወጡ። የተቃጠለው ተቃጠለ፤ የቀረውም ለሚፈልገው ሁሉ ተበተነ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በተሐድሶ አራማጆች ላይ መጣል ተገቢ አይመስለንም። ከመቶ ዓመት በፊት የተጀመረው የኅትመት ሥራ ያን ጊዜ ተስፋፍቶ ነበርና በብራና የተጻፈውን መጽሐፍ እንደ አሮጌ ዕቃ የሚያይ ትውልድ ተነሥቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም የጠፉትን በአዳዲስ የታተሙ መጻሕፍት የሚተካበት ገንዘብ አልነበረውም። መስፍኑ መጻሕፍቱን ሰጠ እንጂ መጻሕፍቱን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሳድግ ገቢ አልተከለላቸውም። ቦድሊ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ለመረዳት ይህን ጉድለት በአእምሮ መያዝ ይጠቅማል።

ቶማስ ቦድሊ መጋቢት 2 ቀን 1545 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን አውራጃ በኤክሴተር ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ቦድሊ ሀብታም ነጋዴና የጸና ፕሮቴስታንት ነበር። በ1553 ካቶሊካዊቱ ንግሥት ሜሪ ዙፋኑን በወረሰች ጊዜ የእምነት ስደት ስለተነሣ፣ ጆን ቦድሊ ቤቱንና ንግዱን ትቶ ወደ ጀርመን አገር ሸሸ፤ ቤተሰቡም ተከተለው። መጀመሪያ በቬዝል፣ ቀጥሎም በፍራንክፈርት ከተቀመጡ በኋላ በ1557 ወደ ጄኔቭ ዘለቁ። ልጁ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር።

ስደት ለብዙዎች ትምህርትን የሚያቋርጥ መከራ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ተቃራኒውን አደረገለት። ጄኔቭ በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ አራት ማዕዘን የተሰደዱ ሊቃውንት የተሰበሰቡባት ከተማ ስለነበረች፣ በአገሩ ቢቀር ምናልባት በሃያ ዓመቱም የማያገኘውን ትምህርት በአሥራ ሁለት ዓመቱ አገኘ። ዕብራይስጥን ከሼቫልዬ፣ ግሪክኛን ከቤሮአልድ ተማረ፤ የሥነ መለኮት ትምህርትንም ካልቪንና ቤዛ ራሳቸው ሲያስተምሩ ተቀምጦ ሰማ። አባቱም በዚያው ከተማ ለስደተኞቹ እንግሊዛውያን በ1560 ታትሞ ለወጣው የጄኔቭ መጽሐፍ ቅዱስ ወጪ ከደጎሙት አንዱ ነበር። ስለዚህ ቶማስ በልጅነቱ መጽሐፍ ሲተረጎም፣ ሲታረምና ለኅትመት ሲሰናዳ በዓይኑ እያየ አደገ ለማለት ይቻላል።

ንግሥት ሜሪ በ1558 ሞታ ንግሥት ኤልሣቤጥ በነገሠች ጊዜ ቤተሰቡ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቶማስም ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ በማግደለን ኮሌጅ ገባ። በ1563 የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ፤ በማግሥቱ ዓመት የሜርተን ኮሌጅ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1566 ደግሞ ማስተር ሆነ። በሜርተን አዳራሽ የግሪክኛ ትምህርት መስጠት የጀመረው ማንም ደመወዝ ሳይመድብለት በገዛ ፈቃዱ ነበር። ባልደረቦቹ የትምህርቱን ጥቅም ካዩ በኋላ መጠነኛ አበል ወሰኑለት። ከዚያም የተፈጥሮ ፍልስፍናን አስተማረ፤ በ1569 ከዩኒቨርሲቲው ሥነ ሥርዓት አስከባሪዎች አንዱ ሆኖ አገለገለ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የመስፍን ሃምፍሪ ባዶ አዳራሽ ከሜርተን ኮሌጅ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ብቻ ርቆ ነበር። ቦድሊ ወደ ኦክስፎርድ የመጣው መደርደሪያዎቹ ከተሸጡ አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ለማስተማር የሚነሣ ወጣት መምህር የጋራ ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ዩኒቨርሲቲ ምን ያህል እንደሚቸገር ከማንም ይበልጥ ያውቅ ነበር።

በ1576 ኮሌጁን አስፈቅዶ ወደ አውሮፓ ዋና ምድር ተሻገረ። በኢጣሊያ፣ በፈረንሳይና በጀርመን አራት ዓመት ያህል ሲዘዋወር ቆይቶ ኢጣልያንኛ፣ ፈረንሳይኛና እስፓንኛ ተምሮ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ የቤተ መንግሥት አገልጋይና የፓርላማ አባል ሆነ። ንግሥቲቱም ቋንቋ ዐዋቂነቱንና ምስጢር ጠባቂነቱን ስለተረዳች በ1585 ወደ ዴንማርክ ንጉሥና ወደ ጀርመን መሳፍንት፣ በ1588 ደግሞ በምስጢር ወደ ፈረንሳይ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ላከችው። ንጉሡ በዚያ ወራት በጊዙ መስፍን ተገፍቶ ከፓሪስ የወጣበት ጊዜ ነበር።

በዚሁ መካከል፣ በ1586፣ አን ቦል የተባለች ባለጸጋ መበለት አገባ። የቀድሞ ባልዋ የቶትነስ ነጋዴ ሆኖ በዓሣ ንግድ፣ በተለይ ሰርዲን በሚመስለው ትንሽ ዓሣ፣ ብዙ ሀብት ያካበተ ነበር። የኮሌጅ አባል የሆነ ሰው ሚስት ቢያገባ አባልነቱ ይቀርበት ስለነበር ቦድሊ ከሜርተን ተሰናበተ። የሚገርመው ግን ዛሬ በዓለም የታወቀው ቤተ መጻሕፍት ከተሠራበት ገንዘብ አብላጫው ከዚህች ሴትና ከዓሣ ንግዱ የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ቦድሊ በ1609 በጻፈው አጭር የሕይወት ታሪኩ ስለ ሚስቱ አንዳች ነገር ሳይናገር ማለፉ ነው። ስሟ በሕንፃው ላይ የለም። በሙያችን ታሪክ ውስጥ ውለታቸው ከተዘነጋ ሰዎች መካከል እርሷን የመጀመሪያዋ አድርገን ብንቆጥራት ያለ አግባብ አይሆንም።

ከ1588 ጀምሮ ቦድሊ በሄግ ከተማ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ተቀመጠ። የኔዘርላንድ ክፍላተ አገር ከእስፓንያ አገዛዝ ነፃ ለመውጣት በጦርነት ላይ ነበሩ፤ እንግሊዝም ገንዘብና ወታደር ትረዳቸው ስለነበር መልእክተኛዋ በመንግሥት ምክር ቤታቸው ውስጥ መቀመጫና ድምፅ ነበረው። ሥራው አስቸጋሪ ነበር። በአንድ ወገን ገንዘቧን መልሱልኝ የምትል ንግሥት፣ በሌላ ወገን በጦርነት የደኸዩና የሚጠራጠሩ ወዳጆች ነበሩ። ደጋግሞ ወደ አገሩ እንዲመለስ ቢለምንም ፈቃድ ያገኘው በ1597 ነው።

ሲመለስም የጠበቀው ሌላ ፈተና ሆነ። በቤተ መንግሥት የሁለት ወገን ሽኩቻ ነበር፤ በአንዱ በኩል ሽማግሌው የገንዘብ ሚኒስትር ሎርድ በርሊና ልጁ ሮበርት ሴሲል፣ በሌላው በኩል የንግሥቲቱ ባለሟል ወጣቱ ሎርድ ኤሴክስ ይታገሉ ነበር። ቦድሊ የመንግሥት ጸሐፊነትን ሹመት እንዲያገኝ በርሊ ደግፎት ነበር። ኤሴክስ ግን ሴሲልን ለመጉዳት ሲል ቦድሊን ከመጠን በላይ ያመሰግን ጀመር። ምስጋናው ባልተጠበቀ መንገድ ጎዳው፤ በርሊ በቦድሊ ላይ ጥርጣሬ ስላደረበት ፊቱን አዞረ። የሁለት ዝሆኖች ጠብ ሣሩን እንደሚጎዳው ሁሉ፣ ሹመቱ ሳይገኝ ቀረ። ቦድሊም ሃምሳ ዓመቱን አልፎ ነበርና ከእንግዲህ በማንም ጥላ ሥር ላለመቆም ወስኖ ከመንግሥት ሥራ ወጣ። ኋላ ዳግመኛ ለሹመት ቢጠራም እምቢ አለ።

በቀሪው ዕድሜው ምን እንደሚሠራ ሲያስብ ወደ አእምሮው የመጣው ያ ባዶ አዳራሽ ነው። በሕይወት ታሪኩ እንደ ገለጸው፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ለመፈጸም አራት ነገሮች ያስፈልጉ ነበር፤ ይኸውም የጥንትና የዘመኑ ቋንቋዎች ዕውቀት፣ ገንዘብ፣ የሚረዱ ታላላቅ ወዳጆች፣ እንዲሁም ሥራ ፈት የሆነ ጊዜ ናቸው። አራቱንም ደግሞ በአንድነት አገኛቸው፤ ዕውቀቱን ከስደት፣ ገንዘቡን ከጋብቻ፣ ወዳጆቹን ከመልእክተኛነት፣ ጊዜውን ከሹመት ማጣት። በየካቲት 1598 ለዩኒቨርሲቲው ምክትል አለቃ በጻፈው ደብዳቤ አዳራሹን በገዛ ወጪው አድሶ መቀመጫና መደርደሪያ ሊያስገባበት፣ መጻሕፍት እንዲሰጡም ወዳጆቹን ሊያነሣሣ፣ ከሁሉም በላይ ለመጻሕፍት ግዥና ለሠራተኛ ደመወዝ የሚሆን ቋሚ ዓመታዊ ገቢ ሊተክል ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀ። ዩኒቨርሲቲው በደስታ ተቀበለው።

የእድሳቱ ሥራ አራት ዓመት ፈጀ። እንጨቱን የሰጠው የጥንት ኮሌጁ ሜርተን ነው። መደርደሪያዎቹ ከግድግዳው ቀጥ ብለው ወደ መካከል እንዲወጡ ሆነው ተሠሩ፤ በመካከላቸውም አንባቢ የሚቀመጥበት አግዳሚ ተደረገ። ትላልቆቹ መጻሕፍት በሰንሰለት ከመደርደሪያው ጋር ታሰሩ፤ ትናንሾቹ ደግሞ በቁልፍ ተይዘው አንባቢ ሲጠይቅ ይሰጡ ነበር። ሰንሰለቱ ለዛሬ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የእኛም ገዳማት በብራና መጻሕፍታቸው ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ግዝት ይጽፉ እንደነበረ ስናስታውስ፣ አሳቡ አንድ፣ መሣሪያው ብቻ የተለያየ መሆኑን እንረዳለን።

ቦድሊ የለጋሾችን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ገና መጻሕፍት ሳይሰበሰቡ ትልቅ የብራና መዝገብ አሠርቶ የሰጪዎች ስምና የሰጡት ስጦታ በጎላ ጽሕፈት እንዲመዘገብበት አደረገ፤ መዝገቡም ለሚጎበኝ ሁሉ በሚታይበት ቦታ ተቀመጠ። ስሙን በዚያ ላይ ለማየት የማይሻ ባላባት አልነበረም። በዚህ ዘዴ ኅዳር 8 ቀን 1602 ቤቱ በይፋ ሲከፈት 2,000 ያህል መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ ነበሩ።

ከእነዚህ ስጦታዎች አንዱ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሎርድ ኤሴክስ በ1596 የእስፓንያን የካዲዝ ወደብ ወርሮ ሲመለስ በፖርቱጋል የፋሮ ከተማ ላይ አረፈ፤ የከተማይቱንም ጳጳስ ቤተ መጻሕፍት ዘርፎ መጻሕፍቱን ወደ እንግሊዝ አመጣ። በኋላም ለቦድሊ ሰጣቸው፤ ቦድሊም ተቀበለ። የተቀበለው ሰው እምነትን ስለመጠበቅ በልጅነቱ የተሰደደ፣ ዩኒቨርሲቲው በዝርፊያና በእሳት መጻሕፍቱን ያጣበትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዘመኑ የጦር ምርኮን እንደ ሕጋዊ ንብረት ይቈጥር እንደ ነበረ እናውቃለን፤ ቢሆንም በ1868 ከመቅደላ ዐምባ የዐፄ ቴዎድሮስ የብራና መጻሕፍት ተጭነው ሲሄዱና ከእነርሱም 350 ያህሉ ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ሲገቡ ላነበበ ኢትዮጵያዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ የፋሮው ጳጳስ ባዶ መደርደሪያ ከኦክስፎርዱ ባዶ መደርደሪያ የሚለይበት ምክንያት አይታየውም።

የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የኒው ኮሌጁ ቶማስ ጄምስ ነበር። ቦድሊ የሚኖረው በለንደን ስለነበር ሥራውን የሚመራው በደብዳቤ ነው። ለጄምስ የጻፋቸው ብዙ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ በ1926ም በመጽሐፍ ታትመዋል። ሙያችንን በሚመለከት ከእነዚህ ደብዳቤዎች የበለጠ ሕያው ሰነድ ማግኘት ያስቸግራል። ስለ መጽሐፍ ጥራዝ፣ ስለ ቅጂ ብልሽት፣ ስለ ፊደል ተራ፣ ስለ መክፈቻ ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ ስለተገዛ መጽሐፍ ሳይቀር ይጽፋል። ጄምስ ብርቱ ሊቅ ነበረ፤ ቅር መሰኘትም ያውቅ ነበር። ደመወዙ እንዲጨመር ጠየቀ፤ የሥራ ሰዓቱ እንዲያጥር ጠየቀ፤ በመጨረሻም ሚስት ላግባ አለ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቦድሊን ክፉኛ አስቆጣው። የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሚስትና ልጅ ካለው አሳቡ ይከፈላል ብሎ ያምን ነበርና በደንቡም ላይ ያላገባ ሰው ብቻ እንዲሾም አስቦ ነበር። ሆኖም እንደ ጄምስ ያለ ሰው እንደማያገኝ ስለተረዳ፣ ለኋላ ሰዎች ምሳሌ እንዳይሆን አስጠንቅቆ፣ ለእርሱ ብቻ ፈቀደለት።

የጄምስ ትልቁ ሥራ በ1605 ታትሞ የወጣው ካታሎግ ነው። መጻሕፍቱን በአራት ክፍል፣ ማለት በሥነ መለኮት፣ በሕክምና፣ በሕግና በሌሎች ጥበባት ከፍሎ፣ በየክፍሉ በደራሲ ስም ፊደል ተራ ደርድሮ አቀረበ። ለአንድ ተቋም የጋራ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ካታሎግ አሳትሞ ማውጣት በዚያን ጊዜ በመላው አውሮፓ ብርቅ ነበር። በ1620 የወጣው ሁለተኛው እትም ደግሞ የትምህርት ክፍሎቹን ትቶ ሁሉንም በደራሲ ስም በአንድ የፊደል ተራ አስቀመጠ። በኢትዮጵያዊ ስም የደራሲ ተራ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያከራክር የምናውቅ እኛ፣ የአንድ ሰው ስም በላቲን፣ በግሪክኛና በገዛ አገሩ ቋንቋ በሦስት ዓይነት ሲጻፍ ጄምስ የገጠመውን ድካም መገመት አያዳግተንም።

መጻሕፍት በስጦታ ብቻ አልተሰበሰቡም። ቦድሊ ጆን ቢል የተባለውን የለንደን መጽሐፍ ሻጭ ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ እስፓንያ እየላከ ያስገዛ ነበር። ከአውሮፓ ውጭ ለሚገኙ ቋንቋዎችም ልዩ ፍላጎት ነበረው። ከ1604 ጀምሮ በኦክስፎርድ ማንም ሊያነባቸው የማይችል የቻይና መጻሕፍት ሳይቀሩ በመደርደሪያው ላይ ይቀመጡ ጀመር። አንባቢ ሳይኖር መጽሐፍ መግዛት እብደት ሊመስል ይችላል፤ እርሱ ግን መጽሐፉ ከተገኘ አንባቢው አንድ ቀን ይወለዳል በሚል እምነት ይሠራ ነበር። እንዳሰበውም ሆነ፤ ሰማንያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ከቻይና የመጣ አንድ ክርስቲያን ሊቅ ኦክስፎርድን ጎብኝቶ መጻሕፍቱ ምን ምን እንደሆኑ ለኀላፊዎቹ ነገራቸው።

የቦድሊ ሁለተኛው ታላቅ አሳብ በ1610 የተፈጸመው ውል ነው። በለንደን የሚታተም መጽሐፍ ሁሉ በአታሚዎችና መጽሐፍ ሻጮች ማኅበር ዘንድ ይመዘገብ ነበርና፣ ከእያንዳንዱ አዲስ መጽሐፍ አንድ ቅጂ በነፃ ለኦክስፎርድ እንዲሰጥ ከማኅበሩ ጋር ተስማማ። አሳቡን ያመነጨው ጄምስ ነው ይባላል። አታሚዎቹ ውሉን ሁልጊዜ አላከበሩም፤ ማስታወስና መጨቃጨቅ ያስፈልግ ነበር። የአገሪቱን ኅትመት በቅጂ ተቀብሎ ማኖር ዛሬ በብዙ አገሮች በሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ በእኛም አገር ወመዘክር ይህን ግዴታ ለማስከበር ምን ያህል እንደ ደከመ የማኅበራችን አባላት ያውቃሉ። በእንግሊዝ ሕጉ ከብዙ መሻሻል በኋላ በ1911 አንድ መልክ ያዘ፤ ከ2013 ወዲህም በኤሌክትሮኒክ የሚወጡትን ሥራዎች ይጨምራል።

ነገር ግን ቦድሊ ራሱ የዚህን ውል ፍሬ በሙሉ ለመቀበል አልፈለገም። ተውኔቶችን፣ የዓመት መቁጠሪያዎችንና በየጊዜው የሚወጡ ቀላል ጽሑፎችን ከቁም ነገር አይቈጥራቸውም ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤቱ መገኘቱ ስም ያጠፋል ብሎ ለጄምስ አስጠነቀቀው። ያን ጊዜ ሼክስፒር በለንደን በሕይወት እየጻፈ ነበር። ቦድሊ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ የሼክስፒር ተውኔቶች በአንድነት ታትመው ሲወጡ አንድ ቅጂ በውሉ መሠረት ወደ ኦክስፎርድ መጣ፤ በ1624ም ተጠርዞ በሰንሰለት ታሰረ። በ1664 አዲስ እትም በወጣ ጊዜ ግን አሮጌው አያስፈልግም ተብሎ ሳይወገድ አልቀረም። መጽሐፉ ጠፍቶ ከኖረ በኋላ በ1905 በአንድ ቤተሰብ እጅ ተገኘ፤ በማግሥቱም ዓመት ከብዙ ሰዎች በተዋጣ 3,000 ፓውንድ ተመልሶ ተገዛ። ከመደርደሪያ የሚወገዱ መጻሕፍትን ዝርዝር የሚያዘጋጅ ባልደረባ ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል እንላለን።

ንጉሥ ጄምስ አንደኛ በ1604 ለቦድሊ የሰርነት ማዕረግ ሰጠው፤ ቤቱም በመሥራቹ ስም እንዲጠራ ፈቀደ፤ በ1605 ደግሞ በአካል መጥቶ ጎበኘው። መጻሕፍቱ እየበዙ ስለሄዱ ከ1610 እስከ 1612 ከአዳራሹ በስተምሥራቅ አዲስ ክንፍ ተጨመረ። በዚህ ክንፍ መደርደሪያዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው ከወለል እስከ ጣሪያ ቆሙ፤ ወደ ላይኞቹም በሰገነት ይወጣ ነበር፤ ይህ አሠራር በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ግን ቦድሊ የፈጸመው በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በሜይደንሄድ አጠገብ ያለ ርስትና በለንደን የሚከራዩ ቤቶችን ለቤተ መጻሕፍቱ በስጦታ አጽንቶ ሰጠ። የመስፍን ሃምፍሪ ልግስና የጎደለው ይህ ነበር።

ለአጠቃቀሙ የደነገገው ሥርዓት ጥብቅ ነው። አንባቢ ሁሉ መጽሐፍ እንዳያበላሽ፣ እሳትም ሆነ መብራት ወደ ውስጥ እንዳያስገባ በመሐላ ይገባል። ከዚህም የተነሣ ቤቱ እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ማሞቂያ አልነበረውም፤ በክረምት የሚያነብ ሰው ጣቱ እየደነዘዘ ያነብ ነበር። ዲግሪ ላልያዙ ተማሪዎች፣ ከባላባት ልጆች በቀር፣ በሩ ዝግ ነበር፤ ይህም ድንጋጌ ከሁሉ ይልቅ የሚነቀፍበት ነው። በሌላ በኩል ከውጭ አገር ለሚመጡ ሊቃውንት በሩን ከፍቶላቸዋል። መጽሐፍን ከቤቱ ማውጣት ለማንም አልተፈቀደም። በ1645 በርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ በኦክስፎርድ ሰፍሮ ሳለ አንድ መጽሐፍ እንዲላክለት ቢያዝዝ፣ የጊዜው ኀላፊ ጆን ራውዝ ደንቡን ይዞ ሄዶ ለንጉሡ አሳየው፤ ንጉሡም የመሥራቹን ፈቃድ አክብሮ ትእዛዙን ተወ። በ1654 ኦሊቨር ክሮምዌል ለሌላ ሰው መጽሐፍ ሊያዋስ በጠየቀ ጊዜም የተሰጠው መልስ ያው ነበር። በሁለት ተቀናቃኝ ወገኖች ዘመን ሁለቱንም እኩል የከለከለ ደንብ በመሆኑ፣ ቤቱ ከማንኛውም ወገን ጥቃት የዳነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሚስቱ በ1611 ሞተች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሰር ቶማስም በሽታ ሲያሠቃየው ከቆየ በኋላ ጥር 28 ቀን 1613 በለንደን አረፈ፤ መጋቢት 29 ቀን በሜርተን ኮሌጅ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ከሀብቱ አብዛኛውን ለቤተ መጻሕፍቱ ስላወረሰ ዘመዶቹና አሽከሮቹ፣ ለእርሱ የደከሙ ወዳጆቹም ሳይቀሩ፣ ብዙ አጉረመረሙ። ቅሬታቸው መሠረት ነበረው፤ ለሚቀርቡት ሰዎች እጁ አጠር ያለ ነበር። በ1615 የተሠራለት የመቃብር ሐውልት ዓምዶቹ የተደራረቡ መጻሕፍት አምሳል ናቸው። በተቀበረበት ማግሥት፣ መጋቢት 30 ቀን፣ ለአዲሱ የትምህርት ክፍሎች ግቢ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ የግቢው ሦስተኛ ፎቅ ለመጻሕፍት ማስፋፊያ እንዲሆን ገንዘቡን በኑዛዜው የተወው እርሱ ነው።

ከእርሱ በኋላ ቤቱ ማደጉን አላቋረጠም። ሊቀ ጳጳሱ ዊልያም ሎድ ከ1635 እስከ 1640 ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች ሰጠ፤ የሕግ ሊቁ ጆን ሴልደን የነበሩት 8,000 ያህል ጥራዞች በ1659 ገቡ። በ1860 ራድክሊፍ ካሜራ የተባለው ክብ ሕንፃ የንባብ አዳራሽ ሆነ። በ1940 ከመንገዱ ማዶ የተሠራው አዲስ ሕንፃ ከመሬት በታች በሚያልፍ መተላለፊያ ከጥንቱ ቤት ጋር ተገናኘ፤ ይኸው ሕንፃ ታድሶ በ2015 ዌስተን ቤተ መጻሕፍት በሚል ስም ተከፈተ። በ2000 የዩኒቨርሲቲው ልዩ ልዩ ቤተ መጻሕፍት በአንድ አስተዳደር ተጠቃለሉ፤ በ2010ም ሁሉም በአንድነት በቦድሊ ስም ተጠሩ። በዚያው ዓመት ከኦክስፎርድ ርቆ በስዊንደን የተከፈተው መጋዘን ሚሊዮን በሚቈጠሩ ጥራዞች የተሞላ ሲሆን፣ አንባቢ የጠየቀው መጽሐፍ ከዚያ በመኪና ተጭኖ ይመጣለታል።

ቦድሊ ለምሥራቅ ቋንቋዎች የከፈተው ቦታ ከእኛም አገር ጋር ያገናኘዋል። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጎንደር ተቀምጦ ከተመለሰ በኋላ በሌላው ዓለም ሙሉው ጠፍቶ በግዕዝ ብቻ የተጠበቀውን የመጽሐፈ ሄኖክን አንድ ቅጂ ለዚህ ቤት ሰጠ። ቅጂው ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ የኦክስፎርዱ የዕብራይስጥ መምህር ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው፤ በ1838 ደግሞ የግዕዙን ንባብ አወጣ። የቀሩት የብሩስ የግዕዝ መጻሕፍት በ1843 በግዥ ገቡ። ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን ወጣት ሳለ ወደ ኦክስፎርድ መጥቶ እነዚህንና በቤቱ የነበሩትን ሌሎች የኢትዮጵያ ብራናዎች አንድ በአንድ መርምሮ ካታሎጋቸውን በ1848 አሳተመ፤ በ1851ም የሄኖክን ግዕዝ ከአምስት ብራናዎች አመሳክሮ አወጣ። ከዲልማን በኋላ ለገቡት ደግሞ ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ ሁለተኛውን ካታሎግ በ1951 አዘጋጀ።